«ልጅ ይጫወታል እንጂ አይተነትንም» በተባለው ላይ የተነሣ ክርክር

መምህርት፣ ኮምቦልቻ (ክወናና ዕይታ ጥበባት)

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ በተካሄደው የትምህርት ቤቶች የቲያትር ውድድር ከዳኞቹ አንዱ የሰጡት አስተያየት አልዋጥልኝ ስላለ እዚህ ላነሣው ወደድሁ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስናለማምድ ስለ ገፀ ባሕርያቱ ፍላጎትና ስለ ትዕይንቱ ግጭት ልጆቹን እንደምንጠይቅ ሲሰሙ፣ «ልጅ ይጫወታል እንጂ አይተነትንም፤ ድርሰት መተንተን የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ እናንተ ቃሉን አስይዟቸው፣ ድምፃቸውን አስወጧቸው» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ። ከንግግሩ ይልቅ ያሳዘነኝ ጭብጨባው ነው። በዚያው ዕለት ከቀረቡት ሥራዎች በአብዛኞቹ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዙረው፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ ቃላቸውን ጮኸው ወርደዋል። እናቷ የሞተችባት ልጅና ዕቃ የጠፋበት ነጋዴ በአንድ ዓይነት ድምፅ ተናገሩ። ይህ የሆነው ልጆቹ ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን፣ የሚናገሩትን ነገር ለምን እንደሚናገሩት የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

የቲያትር ክበብ አስተባባሪ፣ ደሴ

መምህርት፣ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርሁ፤ ካጨበጨቡትም አንዱ ነኝ። ዳኛው የተናገሩት በየቀኑ ክፍል የሚገባ መምህር የሚያውቀውን እውነት ነው። በእኔ ክፍል ከስልሳ የሚበልጡ ተማሪዎች አሉ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ትንተና ወደዚያ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። መቼት ማለት ይህ ነው፣ ግጭት ማለት ይህ ነው፣ ጭብጥ ማለት ይህ ነው ተብሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ልጁ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ በፈተናም ይመልሳል። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። የ13 ዓመት ልጅ ነገርን የሚገባበት ሰውነቱ ነውና ይሩጥ፣ ሽማግሌ ይምሰል፣ ከጓደኛው ጋር ይከራከር። ልጅ ይጫወታል፤ ትንተናው ሲያድግ ይደርስበታል።

መምህርት፣ ኮምቦልቻ

እርስዎ የተቃወሙት ግልበጣን ነው፤ ግልበጣን እኔም እቃወማለሁ። ለመሆኑ ትንተናን ከሰሌዳ ጋር ማን አሰረው? አንድ ትዕይንት እንዴት እንደሠራን ልንገርዎ። ለክፍሉ ብዬ የጻፍሁት አጭር ጭውውት ነው። ልጁ በርበሬ እንዲገዛ ገበያ ተልኮ የተመለሰለትን ገንዘብ አጥፍቶ አምሽቶ ይመጣል። ታላቅ እኅቱ በር ላይ ስታገኘው «አባዬ ውስጥ ተጋድሟል» ትለዋለች። ቀጥሎ እናት ትወጣና «እራት በልተሃል?» ትላለች።

እናት የሆነችው ተማሪ በመጀመሪያው ንባብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸችበት። አላረምኋትም። «ልጁ ሲገባ አንቺ የት ነበርሽ? አሁን ምን እንዲያደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብቻ አልኋት። ወረቀቱን ደግማ አየችና «አባቱ ሳይሰማ ገንዘቡን እንዲሰጠኝ» አለች። ከዚያ ያንኑ ቃል በዝቅታ፣ ዓይኗን ወደ ውስጠኛው በር ጣል እያደረገች፣ መዳፏን ዘርግታ ተናገረችው። ልጅ የሆነው ተማሪ ምንም ሳይነገረው እጁን ኪሱ ከተተና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ድርሰቱ ውስጥ ኪስም የለም፣ እርምጃም የለም። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። ታዲያ ይህች ልጅ ተጫወተች ወይስ ተነተነች?

የቲያትር ክበብ አስተባባሪ፣ ደሴ

ትዕይንቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ጥያቄዎ መልሱን አዝሎ ነው የመጣው። «ምን እንዲያደርግልሽ ትፈልጊያለሽ» የተባለች ልጅ መምህሯ የምትጠብቀውን ፈልጋ ትመልሳለች። ልጆቻችን ከሁሉ በፊት የሚያነብቡት የመምህራቸውን ፊት ነው። በእኔ እምነት የተነተኑት እርስዎ ነዎት፤ ልጅቷ ታዘዘች።

የአማርኛ መምህር፣ ደሴ

በዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ። መምህሯ ታሪኩን ስታነሣ «ወረቀቱን ደግማ አየችና» ያለችውን ቃል ዘለሉት። ልጅቷ መልሷን ያገኘችው የእኅት ቃለ ተውኔት ውስጥ ነው፤ አባት ውስጥ መጋደሙ ባይጻፍ ኖሮ እናት ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግበት ምክንያት አይኖራትም ነበር። ትንተና የምንለው ይኸው ነው፤ የሚሉትን ከጽሑፉ ላይ ማስረጃ እየጠቀሱ ማለት። ሌላ ጥንድ «እናት በእርግጥ ስለ እራቱ ተጨንቃለች» ብሎ ቢመጣ ከየት አመጣኸው ይባላል፤ ካሳየ ያ አተረጓጐምም ይሞከራል፤ ማሳየት ካልቻለ ይመለሳል። የመምህሩን ፊት ማንበብን የሚያስተወው ይህ ልማድ ነው፤ ፍርዱ ከመምህሩ ፊት ወደ ወረቀቱ ይዛወራልና።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ደሴ

እኔ የቲያትር ሰው አይደለሁም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጄ ክልላዊ ፈተና ይጠብቃታል። ሁለታችሁም ስለ ልምምዱ ስትከራከሩ የሚሄደው የእርሷ ጊዜ ነው። ትወናው ይሁን፣ ልጅቷም ትወደዋለች፤ በላዩ ላይ ደግሞ ትንተና ከተጨመረ ሒሳቡን መቼ ታጥናው?

የአማርኛ መምህር፣ ደሴ

እኅቴ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን በቋንቋ ፈተና የሚወድቁበት ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ከብዙ ዓመት እርማት አውቀዋለሁ። በምንባቡ ቃል በቃል የተጻፈውን ያገኙታል፤ «ከአንቀጹ ምን መረዳት ይቻላል» ሲባሉ ይቆማሉ። እናትየዋ እራት በልተሃል ስትል ገንዘቡ የት አለ ማለቷ እንደሆነ ከጽሑፉ ያወጣች ልጅ ያንን ጥያቄ አትፈራውም።

የቀድሞ የኪነት ባልደረባ፣ ደሴ

ልጆቼ፣ እኔ በ1970ዎቹ በኪነት ቡድን ያለፍሁ ሰው ነኝ። ያኔ ማንም ድርሰት ተንትኖ አልሰጠንም። ነባሮቹን እያየን፣ ስንሳሳት እየተቆጡን፣ መድረክ ላይ እየወደቅን ተማርን። የወሎ ልጅ ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ገበያ ውሎ የሰውን ሁኔታ ቁጭ ብሎ ሲያይ ያደገ ነው፤ አልቃሽ እንዴት ሙሾ እንደምታወርድ፣ ደላላ እንዴት እንደሚያግባባ ቀድቶ ያሳያችኋል። ዳኛው ይህን ተፈጥሯዊ ስጦታ በጥያቄ አታድርቁት ማለታቸው ነው፤ በዚህ እስማማለሁ።

ሌላው ያበሳጨኝ በዚያው ውድድር ላይ አንዲቱን ልጅ በወሎ አነጋገር ተናገርሽ ብለው ነጥብ መቀነሳቸው ነው። ጓደኛዋን «አብሽሪ» ስላለች! በደሴ አዳራሽ የደሴ ልጅ የደሴን ንግግር ካልተናገረች የት ትናገረው?

የቲያትር ክበብ አስተባባሪ፣ ደሴ

ጋሼ፣ በነጥቡ ጉዳይ ግን አልስማማም። ድርሰቱ አዲስ አበባ የሚኖሩ ሰዎችን የሚያሳይ ነበር። ሁሉም ገፀ ባሕርይ በተዋናዩ ሰፈር አነጋገር ከተናገረ ልዩነታቸው ይጠፋል።

መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ በልጅቷ አነጋገር ከእርስዎ ጋር ነኝ። አስተባባሪው ግን አሁን ያሉትን ልብ ይበሉልኝ። ገፀ ባሕርይዋ የት እንደምትኖርና እንዴት እንደምትናገር ከድርሰቱ ተነሥተው እየተከራከሩ ናቸው። ለዳኛና ለአስተባባሪ የተፈቀደው ጥያቄ ለተዋናይዋ ለምን ይከለከላል? ልጅቷ አስቀድማ «ይህች ሴት የት አገር ሰው ናት?» ተብላ ብትጠየቅ ኖሮ ወይ አነጋገሯን ትለውጥ ነበር፣ ወይም ከወሎ የሄደች ናት ብላ ምክንያቷን ይዛ ትቆም ነበር።

የቲያትር ጥበባት ምሩቅ፣ ኮምቦልቻ

ስለ ትንተና ሲነሣ የሩሲያዊው የቲያትር አዘጋጅ የስታኒስላቭስኪ ስም መነሣቱ ስለማይቀር እኔ አስቀድሜ ላንሣው። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ አርት ቲያትርን ከባልደረባው ጋር የመሠረተው ይህ ሰው ተዋናዮቹን ረዘም ላለ ጊዜ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ድርሰቱን ሲያስመረምር ቆይቷል። ወደ ሕይወቱ ማብቂያ፣ በ1930ዎቹ፣ ራሱ ያንን አሠራር ነቀፈው። ተዋናዩ ጭንቅላቱ በሐሳብ ሞልቶ ሰውነቱ ባዶ ሆኖ ወደ መድረክ ይወጣል አለና፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቁሞ፣ የትዕይንቱን ድርጊት በራሳቸው ቃል እንዲሞክሩት፣ ከዚያም ወደ ጽሑፉ ተመልሰው እንዲያመሳክሩ ማድረግ ጀመረ። ስለዚህ አስተባባሪው ጠረጴዛውን መፍራታቸው ልክ ነው፤ መምህሯም አቁማ ማስተንተኗ ልክ ነው። ስሕተቱ ሁለቱን ለያይቶ አንዱን ለዩኒቨርሲቲ የመደበው የዳኛው አነጋገር ነው።

የቲያትር ክበብ አስተባባሪ፣ ደሴ

ስታኒስላቭስኪ የሠራው ከጎልማሳ ተዋናዮች ጋር ነው። የሩሲያን ስቱዲዮ አምጥቶ የእኛ ሰባተኛ ክፍል ላይ መጫን አይገባም። የእኛ ልጆች የራሳቸው ተረት፣ የራሳቸው ጨዋታ አላቸው።

የአማርኛ መምህር፣ ደሴ

ከሥር ያለውን ነገር መፈለግ ከሩሲያ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ የአውሬዎች ተረት ነበር። በመድረክ ላይ የታዩት እንስሳት ሲሆኑ መኳንንቱ ግን ስለ ማን እንደሚወራ ስለገባቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንዲታገድ ሆነ። ቅኔን ሰምና ወርቅ ብሎ የሚፈታ ሕዝብ ልጅ «ይህ ሰው ይህን ሲል ምን ማለቱ ነው» ተብሎ ቢጠየቅ ባዕድ ነገር አልተጫነበትም።

የቀድሞ የኪነት ባልደረባ፣ ደሴ

ተረቱንስ መልካም ብለሃል። እኔ አንድ ዘዴ ልጨምር። ልጅ ማልቀስ ሲያቅተው እንደ እኛ ዘመን የራሱን ኀዘን አስታውሱት፤ የሞተበትን ሰው ያስብ፤ እንባው ወዲያው ይመጣል። ይህ ትንተና አይፈልግም።

መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ይህንን እባክዎ አይምከሩ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ዛሬ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያሉት ልጆች የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ከመካከላቸው በእግሩ የተሰደደ አለ፤ ቤተሰቡን ያጣ አለ። የትኛው ልጅ ምን እንደተሸከመ ሁሉንም አናውቅም። ለአምስት ደቂቃ ትዕይንት ብለን ያንን ከቀሰቀስን በኋላ ደወል ተደውሎ ወደ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስንልከው ማን ያረጋጋዋል? እኛ ለዚያ አልሠለጠንም።

ለእኔ ድርሰት መተንተን ለዚህ ዕድሜ የግድ የሚሆንበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ልጁ የሚያዝነው ገፀ ባሕርይው ስላለበት ሁኔታ እንጂ ስለ ራሱ ቁስል እንዳይሆን ጽሑፉ ከለላ ይሆነዋል። «አንተ ብትሆን ኖሮ» ከማለት ይልቅ «ይህ ልጅ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቤት፣ ከዚህ ሰው ምን ይፈልጋል» ብለን ስንጠይቀው የሚሠራው ነገር ያገኛል፤ ደብዳቤውን ይደብቃል፣ እኅቱን ያባብላል፣ በሩን ይዘጋል። ሥራውን በትክክል ከሠራ እንባ ባይመጣም ተመልካቹ ያዝናል። ትዕይንቱ ሲያበቃም ልጁ ከገፀ ባሕርይው ወጥቶ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ደሴ

በዚህ ላይ ከመምህሯ ጋር ነኝ። የእኔ ልጅ ያን ጊዜ ያየችውን እስከ ዛሬ አትናገርም። ማንም መድረክ ላይ እንዲጎረጉርባት አልፈልግም።

የቀድሞ የኪነት ባልደረባ፣ ደሴ

እሺ፣ ለዛሬ ልጆች ይህ ከባድ ነው ብትሉ እቀበላለሁ። ቢሆንም እኛ ሠርተንበታል፤ ሰው አስለቅሰንበታል። የማይጠቅም ነበር አትበሉኝ።

የቲያትር ክበብ አስተባባሪ፣ ደሴ

የኀዘኑን ጉዳይ እኔም በክበቤ አላደርገውም። ወደ ክፍሉ እንመለስና መልስ ያላገኘሁበትን ጥያቄ ላንሣ። ስልሳ ልጆች፣ 40 ደቂቃ። እርስዎ በአምስት ደቂቃ አንድ ጥንድ ሠሩ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጥንድ ሊያዩ ነው? የቀሩት ምን ይሠራሉ? ነጥቡስ በምን ይሰጣል? የተውኔት ፈተና ያው «ግጭት ምንድን ነው?» ሆኖ ይመለሳል፤ ዳኛውም የሚያውቁት ይህንን ነው።

መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ጽሑፉን ከአንድ ገጽ አላስበልጠውም። ለሁለት ለሁለት ተቀምጠው በእርሳስ ሁለት ነገር ብቻ ያደርጋሉ። የገፀ ባሕርይው ፍላጎት የሚለወጥበት ቦታ ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ ከእያንዳንዱ ክፍል ጎን አንድ ግስ ይጽፋሉ፤ ለማባበል፣ ለማስፈራራት፣ ለመደበቅ የሚል ዓይነት። «ለማዘን» ብሎ የጻፈ እንዲመልሰው አደርጋለሁ፤ ማዘን በሌላው ሰው ላይ የሚሠሩት ነገር አይደለምና። ከዚያ ሁሉም ባሉበት ተነሥተው በአንድ ጊዜ ይሞክሩታል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። እኔ በመካከላቸው እየዞርሁ አያለሁ፤ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ተመልካቾቹ የተዋናዩን ግስ ገምተው ከየትኛው እንቅስቃሴ እንዳወቁት ይናገራሉ። ነጥቡ የሚሰጠው በወረቀቱ ላይ ላለው መስመርና መስመሩ በትወናው ላይ በመታየቱ ነው።

የቲያትር ክበብ አስተባባሪ፣ ደሴ

ግሱን ወስጄ እሞክረዋለሁ፤ እርሱ ጠቃሚ ነው። ወረቀቱን ግን በመጀመሪያው ቀን አልሰጥም። ቢያንስ አንድ ወር ያለ ድርሰት መጫወት አለባቸው፤ ድምፅና ሰውነት ሳይፈታ ወረቀት የጨበጠ ልጅ ዓይኑን ከወረቀቱ አያነሣም። ዳኛው ያሉት በዚህ በኩል አሁንም ትክክል ነው፤ ልጅ መጀመሪያ ይጫወታል።

መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ዳኛው «መጀመሪያ» የሚል ቃል አልተናገሩም፤ እርስዎ ነዎት የጨመሩላቸው። እኔም አንዱን ወር አልቀበልም። ወር ሙሉ ያለ ድርሰት የተጫወተ ክፍል ጽሑፍ ሲሰጠው ጨዋታው አበቃ፣ ጥናት ተጀመረ ብሎ ይቀመጣል፤ ባለፈው ዓመት ከሌላ ክፍል የመጡልኝ ልጆች እንዲህ ሆነው ነው የመጡት። በመጀመሪያው ቀን አራት መስመር ይዘው ይነሡ፤ የሚጫወቱትም እርሱን ይሁን።