አርባው ጾም ውስጥ ሲገባ ተዝካሩን ማዛወር ይገባል?

የገንደ ቆሬ ልጅ (ድሬዳዋ)
እናታችን ያረፉት ጥቅምት 12 ቀን ነው። አርባቸው ሕዳር 21፣ በጽዮን ማርያም ዕለት ይውላል፤ ነገር ግን ጾመ ነቢያት ሕዳር 15 ስለሚገባ፣ ወንድሞቼ «ሥጋ የሌለበት ተዝካር ለእናታችን አይመጥንም» ብለው ከቅበላው በፊት በሕዳር ሚካኤል፣ ሕዳር 12፣ እንድናወጣ ይፈልጋሉ። እኔ ቀኑን መንካት ከብዶኛል። እናንተ ዘንድ እንዲህ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል?

ጸናጽል
እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ፍትሐቱንና ድግሱን ለይቶ ማየት ይገባል። ፍትሐቱ በሠልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባና በሰማንያ፣ ከዚያም በመንፈቅና በሙት ዓመት የሚደርስ ጸሎት ስለሆነ በሥጋና በቅቤ ምክንያት ከቀኑ አይነሣም። ወንድሞችዎ የግድ ፍስክ ይቅረብ ካሉ፣ ሠላሳው ሕዳር 11 ስለሚውል የአቅማችሁን ያን ዕለት አብሉ፤ አርባውን ግን በቦታው ተዉት።

የጀጎል ጎረቤት (ሐረር)
እኔስ የጾሙ ድግስ ይሻላል እላለሁ። በእኛ አገር ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርሰው፣ ከቀብር መልስም ለእጅ መታጠቢያ ውኃ ይዞ የሚጠብቀው፣ ብዙውን ጊዜ ሙስሊም ጎረቤት ነው። ድግሱ የፍስክ ሲሆን ለእነርሱ በሙስሊም እጅ ማሳረድ፣ ድስቱንም መቀመጫውንም መለየት ግድ ይላል። የአያቴ ተዝካር በጾም ስለዋለ ግን ምስሩም፣ ሽሮውም፣ የሱፍ ፍትፍቱም በዘይት ብቻ ተሠርቶ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም ያለ ወተት ተፈልቶ፣ በአፎቻቸው (እንደ ዕድር ባለ የመረዳጃ ማኅበራቸው) የመጡት የሐረሪ እናቶች ከእኛ ጋር ከአንድ ሌማት ቆርሰው በሉ። ለሟች ከዚህ የበለጠ ክብር አላውቅም።

ወለተ ሚካኤል
በዚህ እስማማለሁ። ሕዳር 12 ደግሞ በ1911 ዓ.ም. በሕዳር በሽታ ያለቀው ሕዝብ የሚታሰብበት፣ ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ የሚታጠንበት ቀን ስለሆነ፣ በዚያ ጢስ መሐል እንግዳ ማስተናገድ ይከብዳል። ሕዳር 21 ቅዳሜ ወይም እሑድ ካልዋለ ጿሚው ቀትር ላይ ስለማይቀምስ፣ የቅዳሴውን መውጫ ከነፍስ አባታችሁ ጠይቃችሁ ጥሪውን ከዚያ በኋላ አድርጉት። ለዕድሩ ዳኛም ከወዲሁ ንገሩ፤ በሕዳር ቅበላ ሰሞን ሠርግ ስለሚበዛ ድንኳኑና ትላልቆቹ ድስቶች ቀድመው ይያዛሉ።