ከአመልካች ጣት ወደ አውራ ጣት ሪሊዝ ለመሸጋገር ምን ላስቀድም?

ጥያቄ፦
በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውንና ምላጩ በአመልካች ጣት የሚሳበውን የቀስት ሪሊዝ (አውታሩን ይዞ የሚለቅ መሣሪያ) ለ6 ዓመታት ተጠቅሜአለሁ። ባለፈው የአደን ወቅት ግን ማነጣጠሪያዬ ገና የእንስሳውን ደረት ሲነካ ጣቴ ከፈቃዴ ውጭ ምላጩን መምታት ጀመረ፤ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ጸጥ ብሎ የቆመ አጋዘንም ሳትሁ። አቁስዬው ቢሆን ኖሮ ጸጸቱ አይለቀኝም ነበር። ስለዚህ በእጅ የሚጨበጠውንና በአውራ ጣት የሚለቀቀውን ሪሊዝ ገዛሁ። አሁን ፍላጻዎቼ ከለመድሁት ቦታ ርቀው ያርፋሉ፤ እጄም መንጋጋዬ ላይ የት እንደሚያርፍ ግራ ገብቶኛል። ወቅቱ ሊከፈት 3 ወር ቀርቶታል።

መልስ 1፦
ከሁሉ አስቀድሞ ማነጣጠሪያውን አይንኩት። ፍላጻው የራቀው ማነጣጠሪያው ስለተበላሸ ሳይሆን የእጅዎ ማረፊያ ስለተለወጠ ነው። በእጀታ ሪሊዝ ጊዜ መዳፍዎ ወደ ውጭ ዞር ይልና የመንጋጋዎ አጥንት በአመልካች ጣትና በመካከለኛው ጣት አንጓዎች መካከል ይገባል፤ ይህ አጥንት ከአጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ ከለመዱት በኋላ ከቀድሞው ይልቅ የማይናወጥ ሆኖ ያገኙታል። ዓይንዎን ጨፍነው ቀስቱን እስከ መጨረሻው ይሳቡ፣ እጅዎን በዚያ ቦታ ያሳርፉ፣ ከዚያም ዓይንዎን ይክፈቱ። በአውታሩ ላይ ያለችው ማያ ቀዳዳ ከዓይንዎ ፊት ለፊት ካልመጣች ከፍታዋን ያስተካክሉ። አንገትዎን ወደ አውታሩ ማስገግ ወይም ወደ ኋላ መሸሽ ካስፈለገዎት ግን ችግሩ የቀስቱ የስበት ርዝመት (አውታሩ ወደ ኋላ የሚሳብበት ርቀት) ነው፤ እርሱ ሳይስተካከል የሚደረግ ልምምድ ስሕተትን ማለማመድ ነው። የማነጣጠሪያው ተራ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መልስ 2፦
እኔ የምጨምረው ስለ ደኅንነት ነው። ቀስቱን በሚስቡበት ጊዜ አውራ ጣትዎ ምላጩን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ከምላጩ ኋላ እጀታው ላይ ይረፍ። በስበቱ መሀል ቢለቀቅ ጡጫዎ አፍዎን ይመታል፣ ፍላጻውም ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይሄዳል። በስበትዎ ርዝመት ልክ የታሰረ ገመድ በግራ እጅዎ ይዘው፣ ያለ ቀስት፣ መሳብንና መልቀቅን ደጋግመው ይለማመዱ። ቀስቱን ግን ያለ ፍላጻ አይልቀቁት፤ ክንዶቹና አውታሩ ይጎዳሉ።

መልስ 3፦
ከላይ የተሰጡት ምክሮች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ጠያቂው የመጡበት ሕመም በዕቃ ለውጥ ብቻ አይድንም። ምላጩን በአውራ ጣትዎ ጫፍ ከተጫኑት፣ ጥቂት ሳምንታት ደህና ይመስልዎትና በአመልካች ጣት የነበረው ድንገተኛ መምታት ይመለሳል። ስለዚህ ምላጩ ከጣቱ ጫፍ ርቆ ወደ ሥሩ ጠጋ ይበል፤ ጣቱ ዙሪያውን ይቀፈውና ባለበት ይቆይ። የሚሠራው ጀርባዎ ነው፤ ክርንዎን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሲስቡ እጅዎ እጀታውን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፣ መለቀቁም ሳይጠብቁት ይመጣል። አንዳንዶች ምላጩን በጣም ያቀሉታል፤ ለእርስዎ ግን ጠንከር ማድረግን እመርጣለሁ፣ ሲነኩት የማይለቀቅ ምላጭ አእምሮን ያረጋጋልና። የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት በ3 ሜትር ርቀት፣ ነጥብ በሌለው ዒላማ ላይ፣ ዓይንዎን ጨፍነው በየቀኑ 20 ፍላጻ ያህል ይልቀቁ።

ጠያቂው፦
ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የስበት ርዝመቱን ፈትሼ ረዝሞ አገኘሁት፤ በግማሽ ኢንች አሳጥሬዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ አንጓ ላይ የማይታሰር ዕቃ ዛፍ ላይ ሆኜ ከእጄ ቢወድቅስ?

መልስ 4፦
ብዙዎቹ የአውራ ጣት ሪሊዞች ሲዘጉ አውታሩን የሚነክሰው መንጋጋቸው ስለሚቆለፍ በአውታሩ የገመድ ቀለበት ላይ ተንጠልጥለው ሊጠብቁዎት ይችላሉ፤ እንስሳው ሲመጣ እጅዎን ብቻ ይሰዳሉ። የእርስዎ እንዲህ ካልሆነ በቀጭን ገመድ ከአንጓዎ ጋር ይሰሩት። ብርድ ባለበት የሚያድኑ ከሆነ ከአሁኑ ጓንት አጥልቀው ይለማመዱ፤ ወፍራም ጓንት የምላጩን ስሜት ይለውጠዋል። ተጠባባቂ ሪሊዝ በኪስዎ የሚይዙ ከሆነም ተመሳሳይ ዓይነት ይሁን፣ ምላጩም በዚያው ጥንካሬ ተስተካክሎ በዒላማ ላይ የተፈተነ ይሁን።