በማርሻ ሪትስዶርፍ መታሰቢያ ለሚሰጠው የተማሪ ሽልማት ጥናቴ ይመጥናል?

የቨርጂኒያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የከተማ ፕላን ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። የአሜሪካ የፕላኒንግ ትምህርት ቤቶች ማኅበር በፕላኒንግ ምሁሯ በማርሻ ሪትስዶርፍ ስም የሚሰጠው ሽልማት አለ። ብዝኃነትን፣ ማኅበራዊ ፍትሕንና የሴቶችን ድርሻ ለሚመለከት የተማሪ ሥራ ነው። የኔ ጥናት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ደይኬር ስለሚሠሩ የኛ እናቶች ነው። አንዲት እናት ቤት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተገኝቼ ነበር። አንድ አባት የኤርፖርት ፈረቃ ስላለበት ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣ። ጎረቤት እንዳይነቃ በሩ ሳይንኳኳ ከፈቱለት። ሕፃኑ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ ፍራሹ ላይ ተኛ። ትልልቆቹ ደይኬሮች በዚያ ሰዓት ዝግ ናቸው። ክፍል ውስጥ ሳቀርበው ግን አንድ ተማሪ «ይሄ ሶሻል ወርክ እንጂ ፕላኒንግ አይደለም» አለኝ። ልላከው ወይስ ስለ አውቶቡስ መስመር የጻፍኩትን ላስገባ?

ፕላነር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ ይሄንኑ ላኪው! ሪትስዶርፍ ሲያጠኑ የኖሩት ይሄንኑ ነው። የዞኒንግ ሕግ፣ ማለትም የትኛው ቦታ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚወስነው ሕግ፣ «ቤተሰብ» የሚለው ማንን ነው? ቤት ውስጥ ልጅ መጠበቅን የት ይፈቅዳል፣ የት ይከለክላል? በ1997 ደግሞ ከሌላዋ የፕላኒንግ ምሁር ከጁን ማኒንግ ቶማስ ጋር ስለ ከተማ ፕላንና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን መጽሐፍ አዘጋጅተዋል።

ለዚያ ክፍል ውስጥ ለተናገረሽ ተማሪ የኢኔዝ ሙርን ጉዳይ ንገሪው። ኢስት ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ የሚኖሩ አያት ናቸው። ከልጃቸውና ከሁለት የልጅ ልጆች ጋር ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ልጆች ወንድማማች ሳይሆኑ የወንድማማች ልጆች ናቸው። አንደኛው እናቱ ስለሞተች ነው አያቱ ጋ የመጣው። በከተማዋ የቤት ደንብ ይሄ ቤተሰብ አይደለም ተብለው ተከሰሱ። 5 ቀን እስርና 25 ዶላር ተፈረደባቸው! አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ስላሳደጉ። በ1977 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ነፃ አወጣቸው። ያው ፍርድ ቤት ግን በ1974 ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ቤል ቴር በምትባል መንደር ዝምድና የሌላቸው ከሁለት በላይ ሰዎች አብረው እንዳይኖሩ የሚከለክለውን ደንብ አጽንቶ ነበር። አዲስ መጥተው አንድ ቤት በኪራይ የሚጋሩ ልጆቻችንን እስቲ አስቢያቸው። ፕላኒንግ ማለት ይሄ ነው።

የልጆች እናት፦
እኔም ቤቴ ውስጥ እሠራለሁ። የወረቀቱን ነገር እንዳትረሺ፣ የኔ እህት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከራስሽ ልጆች ውጪ እስከ 4 ልጅ ብትጠብቂ ቤትሽ እንደማንኛውም መኖሪያ ነው። ከ5 እስከ 12 ሲሆን ግን የስቴት ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ካውንቲው ወይም ከተማው ደግሞ የራሱን የዞኒንግ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛውን አግኝተሽ በሌላኛው ትቆሚያለሽ። አከራይ እሺ ካላለ ደግሞ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። አምስተኛውን ልጅ ይዛ በር ላይ የምትለምን እናት መመለስ እንዴት አንጀት ይበላል!

የቨርጂኒያዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአራትና የአምስት ልጁን ነገር መጨረሻ ላይ ነበር የጠቀስኩት። ወደ ፊት አመጣዋለሁ።

ፕላነር ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አዎ፣ ከዚያ ጀምሪ። የሌሊቱን ታሪክም ደንቡ አጠገብ አድርጊው፤ ሕጉ ማን ላይ እንደሚያርፍ ያኔ ይታያል። የሴትዮዋን የሕንፃ ስምና መንገድ ግን አውጪው። የፈቃዳቸው ጉዳይ ገና ካልተጠናቀቀ በጥናትሽ ሰበብ እንጀራቸው እንዳይዘጋ።