ፊፋን የገዛው ገንዘብ፦ ጌም ቤት ያላችሁ ምን ታስባላችሁ?

የኮምቦልቻው

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ አራት ፒኤስ 4 ይዤ ጌም ቤት ከከፈትኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። እንጀራዬ ፊፋ የሚባለው የእግር ኳስ ጌም ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቢሆንም ልጆቹ ዛሬም ፊፋ ነው የሚሉት።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 አምራቹ ኤሌክትሮኒክ አርትስ (ኢኤ) በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። ዋናው ገዢ የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው፤ ሊቀመንበሩም አልጋ ወራሹ መሐመድ ቢን ሳልማን ናቸው። ዜናውን ያነበብኩት የዱቤ ደብተሬን ገልጬ ሒሳብ ስሠራ ነው።

ደብተሩ ላይ ያልተሰረዘ አንድ መስመር አለ፤ 45 ብር። የአንድ ልጅ ነው። አርሰናልን ካልያዘ ጆይስቲክ አይነካም ነበር። አውራ ጣቱን እንዴት አጥብቆ እንደሚጫን! የግራውን መዘወሪያ ጎማ በእሱ ምክንያት ሁለቴ ቀይሬያለሁ። በ2014 ክረምት በባቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ወጣ። ጅቡቲ ካለችው የኦቦክ ወደብ አንዴ ደውሎ «ዱቤህን እዚያ ስደርስ እልክልሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። እናቱ በበሬ ስታልፍ እስከዛሬ ቆም ብላ ወደ ውስጥ ታያለች።

የየመን ባሕር ይሁን መንገዱ፣ በልጁ ጉዳይ ማንንም አልከስም። ግን የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ያወጣውን ሪፖርት አንብቤያለሁ። ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች ገድለዋል ይላል፤ በከባድ መሣሪያ ጭምር። ከተረፉት አንዳንዶቹን «የትኛውን እጅ ወይም እግርህን እንምታህ?» ብለው ጠይቀው ከቅርብ ተኩሰውባቸዋል። የሳዑዲ መንግሥት መሠረተ ቢስ ነው ብሎ አስተባብሏል። እኔ ያንን ገጽ ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የሚቀጥለውን እትም ብገዛ ገንዘቤ ያንን ደም ማጠቢያ ሆነ ማለት ነው? ወይስ ነገሩ ከእኔ ቤት አቅም በላይ ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ወንድሜ፣ እዚህ አሜሪካ ሶፍትዌር ላይ ነው የምሠራው፤ የሽያጩን ወረቀት ተከታትዬዋለሁ። ከፈንዱ ጋር ሁለት የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅቶች፣ ሲልቨር ሌክ እና የትራምፕ አማች የጃሬድ ኩሽነር አፊኒቲ ፓርትነርስ፣ አሉበት። ከ55 ቢሊዮኑ 20 ቢሊዮኑ ብድር ነው፤ ዕዳው የሚጫነውም ራሱ ኩባንያው ላይ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ዕዳ ያለበት ኩባንያ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ከተጫዋቹም በፓክ ሽያጭ (ጌሙ ውስጥ በገንዘብ በሚሸጡት የተጫዋች ካርዶች) ይበልጥ ይጨምቃል።

ደግሞም አንድ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የፈንዱ የጌም ክንፍ ሳቪ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የጌም ውድድር አዘጋጆቹን ኢኤስኤልንና ፌስኢትን በ1.5 ቢሊዮን፣ በ2023 የስልክ ጌም አምራቹን ስኮፕሊን በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። ሁሉንም ልሽሽ ብትል መድረሻ ታጣለህ። ያገለገለ ዲስክ ግዛ። ከሰው እጅ ከገዛኸው ለኩባንያው አንድም ሳንቲም አይደርሰውም።

የጅዳዋ

አብሽር ወንድሜ። ለእናቱ አላህ ሰብሩን ይስጣት፤ ልጇ ካለም ድምፁን ያሰማት።

እኔ ጅዳ የቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ዘጠነኛ ዓመቴ። የማሳድጋቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ያንኑ ጨዋታ ነው የሚጫወቱት። ሻይ ይዤ ስገባ «ኻላ (አክስቴ)፣ ጎሉን አየሽው?» ይሉኛል። እወዳቸዋለሁ፤ ሕዝቡንና መንግሥቱን አንድ አታድርጉብኝ። ግን የሠራተኛ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2021 ተሻሻለ፣ አሠሪ መቀየር ተፈቀደ ሲባል እኛን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ጓደኞቼና እኔ ያን ቀን ስልክ ላይ ተላቅሰናል። አገሩ ስሙ በዓለም ፊት እንዲያምር ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ስለ ስሙ የሚጨነቅ ደግሞ ሲጠየቅ ይሰማል። እኔ እዚህ ሆኜ በስሜ መጻፍ አልችልም። እናንተ ትችላላችሁ፣ ጠይቁልን።

ሐዋሳ 10 ቁጥር

እህቴ ያለችው ልክ ነው፤ ሲጠየቅ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሚባለው የኮምፒውተር ጌም የአውሮፓ ሊግ፣ ሳዑዲ የምትገነባውን ኒዮም የተባለ ከተማ ስፖንሰሩ አድርጎ ተቀበለ። ለዚያ ከተማ ሲባል ነባር ነዋሪዎች እየተፈናቀሉ ነበርና የሊጉ ተንታኞች ራሳቸው በአደባባይ ተቃወሙ። በማግስቱ ውሉ ፈረሰ። በማግስቱ! በግንቦት 2025 ደግሞ ፎቶ አይቶ ቦታውን መገመት የሆነው ጌም ጂኦጌሰር ከሪያዱ የኢስፖርትስ (የጌም ውድድር) የዓለም ዋንጫ ወጣ፤ ያስወጡት ካርታ የሚሠሩለት ተጫዋቾች ናቸው፣ ካርታዎቻቸውን ዘግተው።

አንተ ብቻህን ምንም አታመጣም፣ እውነት ነው። ግን ያን ሪፖርት ከጌም ቤትህ ልጆች ስንቱ ሰምቷል? የሚሄዱትኮ እነሱ ናቸው።

የኮምቦልቻው

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ውስጤ ገባች። ትናንት ማታ ከመዝጋቴ በፊት ስድስት ልጆች ነበሩ፤ ጨዋታውን አቁሜ ሪፖርቱን በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኳቸው። አንዱ ወንድሙ አሁን ጅቡቲ እንዳለ ነገረኝ። እዚያው ሆነን በእኔ ስልክ ደወልንለት፤ አነሳ። እስከ አምስት ሰዓት አወራነው።

አዲሱን እትም አልገዛም፤ ባለኝ እቀጥላለሁ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያገለገለ የፒኤስ 4 ዲስክ ያለው ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።