አከራዬ ቤቱን ሊሸጡት ነው፤ ውሌ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። አከራዬ ትናንት ማታ ደውለው «ቤቱን ልሸጠው ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ፈልጊ» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ደግ ተነጋግረን አናውቅም። ለዚህም ነው የምመልሰው የጠፋኝ፤ «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ውላችን በጽሑፍ ነው፣ ያደስነውም በቅርቡ ስለሆነ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። የሁለት ወር ኪራይ የሚያህል መያዣም እሳቸው ጋ አለ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደላላ ሁለት ሰው አስከትሎ ሳይደውል መጣ። ልጄ አሟት ተኝታ ነበር፣ ደንግጬ አስገባኋቸው፤ መኝታ ቤት ድረስ ገብተው አዩ።

በወር ውስጥ የመውጣት ግዴታ አለብኝ? መያዣዬን የሚመልሰው ማነው፣ እሳቸው ወይስ ገዢው? ቤቱን ለማሳየት ሲመጡስ እምቢ ማለት እችላለሁ? ሕጉ ካገር አገር እንደሚለያይ አውቃለሁ። የእኔን አገር ሕግ እኔ አጣራለሁ፣ እናንተ ምን ምን ብዬ እንደምጠይቅ ብቻ ንገሩኝ።

መልስ፦ ሁለት ጊዜ «ቤቱ ሊሸጥ ነው» የተባለች

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዕቃ ማሰር እንዳትጀምሪ። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ ልክ እንዳንቺ በስልክ ተነገረኝና በሦስት ሳምንት ለቅቄ ወጣሁ። ጊዜ ስላልነበረኝ ያገኘሁትን ተከራየሁ፤ ኪራዩ ከበፊቱ በጣም የሚበልጥ፣ ከልጆቼ ትምህርት ቤት የራቀ። በኋላ ስሰማ ያ ቤት ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ አልተሸጠም። አከራዩ የጠሩትን ዋጋ የሚሰጥ ጠፋ፣ ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩ። እኔ ግን ወጥቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ልሸጥ ነው» እና «ሸጥኩ» በጣም ይራራቃሉ። መሃል ላይ ገዢ መፈለግ አለ፣ ድርድር አለ፣ የባንክ ብድር አለ፣ የስም ዝውውር አለ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አከራይሽ እሳቸው ናቸው፣ ውልሽም እንዳለ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ «እሺ፣ በጽሑፍ ይስጡኝ» ብቻ አልኩ። ቤቱ ተሸጠ። ገዢው መጣና ቤቱን የገዛው ሊያከራየው እንደሆነ ነገረኝ። «ኪራዩን ከእንግዲህ በዚህ ሒሳብ አስገቢ» አለኝ፤ እዚያው ሁለት ዓመት ተኩል ኖርኩ።

መልስ፦ ሕግ የተማረ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ምክንያቱን ልጨምር። በብዙ አገሮች ሕግ መሠረት ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ከነተከራዩ ነው። ጀርመን ይህን በፍትሐ ብሔር ሕጓ ቁጥር 566 ላይ አስፍራዋለች፤ ገዢው በሻጩ ቦታ ይተካል፣ የአከራይነት መብቱንም ግዴታውንም ይወስዳል። ስለዚህ «ቤቱ ሊሸጥ ነው» መባሉ ብቻውን ውል አያፈርስም።

አንቺን የሚመለከቱሽ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ውልሽ ማብቂያ ቀኑ የተጻፈ ነው ወይስ ከወር ወር የሚቀጥል? ቀን ካለው ብዙ ጊዜ እስከዚያ ቀን ይጠብቅሻል፤ ከወር ወር ከሆነ ደግሞ በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ስለሚችል ጥበቃሽ ይሳሳል። ቀጥሎ፣ ስለ ሽያጭ የሚናገር አንቀጽ አለው? እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቢው፣ ሰው ብዙ ጊዜ ኪራዩንና ቀኑን አይቶ ነው የሚፈርመው። ከዚያ ደግሞ ገዢው ራሱ ሊኖርበት ነው ወይስ ሊያከራየው? ብዙ ሕጎች ለዚህ ልዩነት ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ።

ምን ያህል እንደሚለያይ እንድታዪው ጥቂት ልጥቀስ። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ገዢው ራሱ ሊገባበት ቢሆን እንኳ ቢያንስ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፣ ቀን የተቆረጠለት ውል ካለ ያ ቀን ሳይደርስ አያስወጣም፣ የአንድ ወር ኪራይ የሚያህል ካሳም ይከፈላል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የተከራዮች መብት ሕግ አከራይ ልሸጥ ነው ብሎ ለማስወጣት የ4 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ኪራዩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ደግሞ በዚህ ምክንያት ማስወጣት አይችልም። በፈረንሳይ ያለ ዕቃ የተከራየ ቤት ባዶ አድርጎ ለመሸጥ የፈለገ አከራይ ውሉ ከማለቁ 6 ወር በፊት ያሳውቃል፣ ያ ደብዳቤም ራሱ «መጀመሪያ አንተ ግዛው» የሚል የሽያጭ ሐሳብ ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። እንግዲህ የምዝገባው ጥቅም የሚታየው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው።

ያንቺ አገር ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን በስልክ የተነገረ «አንድ ወር» በማንኛቸውም አይበቃም ነበር።

መልስ፦ ስሙን ያልጻፈ

እኔ ብሆን ከዛሬ ጀምሮ ኪራይ አልከፍልም። መያዣው የሁለት ወር አይደል? ከዚያ ላይ ይቁረጡት።

መልስ፦ ሕግ የተማረ

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ግን እህታችን ይህን እንዳትሞክሪው። ኪራይ አለመክፈል በብዙ አገር ተከራይን ለማስወጣት ቀላሉ ምክንያት ነው። አሁን ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፤ አንድ ወር ከዘለልሽ በገዛ እጅሽ ለእሳቸው አሳልፈሽ ሰጠሽው ማለት ነው። በቀኑ ክፈይ፣ በባንክ ክፈይ፣ ደረሰኙን አስቀምጪ። ስሙ ዞሯል ብሎ አንድ ሰው መጥቶ «ከዛሬ ለኔ ክፈይ» ቢልሽም የባለቤትነት ማስረጃ ወይም ከአከራይሽ የተጻፈ ነገር ሳታዪ አንዲት ሳንቲም እንዳትሰጪ፣ ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

መልስ፦ ደላላ የነበርኩ

ሳይደውሉ መምጣታቸው ነውር ነው። እኔ በሥራው ላይ እያለሁም እንዲህ የሚያደርጉ ነበሩ፤ ተከራዩ መብቱን አያውቅም ብለው ነው። ቤቱ ተከራይተሽ እስካለሽ ድረስ መኖሪያሽ ነው። በብዙ ቦታ አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ለምሳሌ ከላይ በተጠቀሰችው ኦንታሪዮ የ24 ሰዓት ማስታወቂያ በጽሑፍ ይጠበቃል።

ሙሉ በሙሉ እምቢ ማለቱን ግን አልመክርሽም። አንዳንድ ቦታ ሕግ መጣስ ይሆንብሻል፣ ደግሞም የምትደራደሪበት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ንጹሕ ቤትና ፈገግ ብሎ በር የሚከፍት ተከራይ ለሻጭ ገንዘብ ነው። «ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአንድ ቀን በፊት በመልእክት አሳውቁኝ፣ እኔ ባለሁበት፣ የልጄን ፎቶና ዕቃችንን ሳታነሱ» በያቸው። ይህን የሚቃወም ሻጭ ብዙም አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ደላላው ወይም ገዢው ወረቀት ያመጣልሻል። አንዳንዱ ኪራይሽ ስንት እንደሆነ፣ መያዣሽ ስንት እንደሆነ፣ ውልሽ መቼ እንደሚያልቅ የሚያረጋግጥ ነው፤ ቁጥሩን ከውልሽ ጋር አስተያዪው፣ መያዣው የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ሳይሞላ አትፈርሚ። ሌላው ግን «በዚህ ቀን ቤቱን ለቅቄ አስረክባለሁ» የሚል ነው። እሱ ላይ ከፈረምሽ ውልሽን ራስሽ አፈረስሽው። ቀድመሽ መውጣቱ የሚስማማሽ ከሆነ ዋጋ አለው፤ የዕቃ ማጓጓዣ፣ የአንድ ሁለት ወር ኪራይ፣ መያዣሽ ቁልፍ በምታስረክቢበት ቀን እጅሽ እንዲገባ። ቤቱ ባዶ ሆኖ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ስለዚህ የምትጠይቂው ምጽዋት አይደለም።

መልስ፦ አከራይ ነኝ

እኔ ተከራይ ያለበት ቤት ሸጫለሁ፣ በሌላ በኩል ያለውን ልንገርሽ። አከራይሽ ምናልባት እሳቸውም ጨንቋቸው ይሆናል፤ ዕዳ፣ ሕመም፣ የውርስ ጉዳይ። ብዙዎቻችን ደግሞ ሕጉን ሳናውቅ ነው «በወር ውጡ» የምንለው። መልካም ሰው ከሆኑ በክፉ አትጀምሪው።

መያዣውን በተመለከተ እኔ ያደረግኩት ይህ ነው። ስሙ በተላለፈ ቀን ሦስታችን ተቀመጥን፣ እኔ መያዣውን ለገዢው አስረከብኩ፣ ገዢው መቀበሉን ጻፈ፣ ሦስታችንም ፈረምን፣ ተከራዩ አንድ ቅጂ ያዘ። አንዳንድ አገር ሕጉ ራሱ መያዣው ወደ ገዢው ይለፍ ይላል፣ ግን ወረቀቱ ከሌለ «እኔ አልተቀበልኩም» ሲባል የምትሮጪው አንቺ ነሽ። ዛሬውኑ ቤቱን ክፍል በክፍል ፎቶ አንሺ፤ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ቆጣሪውን። ገዢ የሚያመጣው አናጢ የሰበረውን ካንቺ መያዣ እንዳይቆርጡ።

መልእክቱን እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ትናንት ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ። በስልክ እሺ ያልኩት መስማቴን ለመግለጽ ነው፣ ለመውጣት አልተስማማሁም። ውላችን ሰባት ወር ይቀረዋል። ሐሳብዎን በጽሑፍ ቢልኩልኝ፣ ቤቱን ለማሳየትም ቀን ብንወስን ደስ ይለኛል።» ያቺን «እሺ» ቶሎ አርሚያት።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። መልእክቱን ቃል በቃል ላክሁት። ውሉንም ዛሬ ምሽት ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ «ቤቱ ከተሸጠ አከራይ የሁለት ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ በመስጠት ውሉን ማቋረጥ ይችላል» የሚል አለ። የእኔ ፊርማ ከሥሩ ነው። ልቤ ስንጥቅ አለ። አበቃልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ሕግ የተማረ

አላበቃልሽም። ቃሉን አስተውዪው፣ «ከተሸጠ» ነው የሚለው። ገና አልተሸጠም፣ ስለዚህ ሁለቱ ወር መቆጠር አልጀመረም፣ በጽሑፍም ምንም አልደረሰሽም። ደግሞ በብዙ አገር ውል ሕጉ ከሰጠሽ ዝቅተኛ ጥበቃ በታች ሊወርድ አይችልም፤ ሕጉ ከሁለት ወር በላይ የሚል ከሆነ ወይም እንዲህ ያለውን አንቀጽ ጭራሽ የማይቀበል ከሆነ የሚሠራው ሕጉ ነው። ያቺን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ነገ ጠዋት ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ጋ ወይም የቤት ኪራይ ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት ሂጂና «ይህ አንቀጽ ይጸናል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከሁሉ በፊት ግን መልእክቱ መድረሱን አረጋግጪ፣ ስክሪንሾቱንም ለአንድ የምታምኚው ሰው ላኪለት።

ጠያቂዋ

አንብበውታል። «ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው፣ ቅዳሜ መጥቼ እንነጋገር» ብለው መለሱ። ነገ ጠዋት ገጹን ይዤ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ወንድሜ አብሮኝ ይቀመጣል።