ድሬ ላይ በድራፍት መሃል የት ይበላል?

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ከዚራ ሰፈር ድራፍት እየቀያየርን ማታ ወደ ሳቢያን ልንሻገር ነው፣ መሃል ላይ ሆድ የሚይዝ ነገር የት እናግኝ?

— ወሪያ፣ ሐኪም ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ በባዶ ሆድ እንዳትሞክሩ! እዛው ከዚራ ጥብስ በዳቦ እዘዙ፣ ሚጥሚጣው ለብቻ ይምጣ፣ እንጀራ ካበዛችሁ ግን ለድራፍቱ ቦታ የለም።

— እኔ ፈጢራ ነው የምለው አቦ፣ እንቁላሉ ገብቶበት ጠርዙ ኩርሽም ሲል ማር ጣል አድርጎበት።

— መጋላ ሩዝ በግመል ሥጋ አለ ግን ቢራ የለም፣ ሞቅ ብሏችሁ አትግቡ ሰፈሩን አክብሩ። ከመጀመራችሁ በፊት በሉና በባጃጅ ወደ ከዚራ።

— የሐኪም ስታውት ፋብሪካ ሐረር ሆኖ እናንተ ድሬ?? 😂

— ሙቀቱ ነዋ የሚያስጠጣው!