ሪፖርቱ «ዜሮ ኩንታል» ይላል፤ ስሕተት ነው ወይስ ባዶ?

የዳሞቱ፦
እንዴት ዋላችሁ። ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር በፒኤችፒ (የፕሮግራም ቋንቋ) እና በማይኤስኪውኤል (ዳታቤዝ) ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። የተሰራጨውን ማዳበሪያ በየወረዳውና በየከተማው ደምሮ ማታ ማታ ለኃላፊው በኢሜይል ይልካል። ትናንት ጠዋት ኃላፊው ደወለና «ፍኖተ ሰላም ዜሮ ኩንታል? እኔው ራሴ ቆሜ አይደል እንዴ ያስጫንሁት!» አለኝ። ሄጄ ባይ መዝገቡ ሞልቷል። የረድፍ ብዛት ዜሮ ከሆነ «መረጃ የለም» በል ብዬዋለሁ፣ እሱንም አላለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መብራት ጠፍቶ ዳታቤዙ ሳይነሣ ያደረ ዕለት ለሁሉም ዜሮ ልኮ አድሯል። ምን በደልሁት?

የማርቆስ ልጅ፦
የምትደምረው በሰም ነው አይደል? (የቅኔው አይደለም፣ የኤስኪውኤሉ SUM ነው፤ ዳታቤዙን «ደምር» የምትልበት ትእዛዝ።) ሰም አንድም መዝገብ ባያገኝ አንድ ረድፍ ይመልሳል፤ ውስጡ ያለው ግን ኑል («ዋጋ የለም» ማለት) ነው። ስለዚህ የረድፍ ብዛትህ ምንጊዜም 1 ነው፤ «መረጃ የለም» የምትለዋ መስመር ከተጻፈች ጀምሮ ሥራ አግኝታ አታውቅም። ኑሉን ወደ ቁጥር ስትቀይረው ዜሮ ሆኖ ይወጣል። ሳትቀይረው በፊት ኑል መሆን አለመሆኑን ጠይቅ።
የመብራቱ ሌላ ነው። ከፒኤችፒ 8.1 ወዲህ ማይኤስኪውኤልአይ (ፒኤችፒን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው) ስሕተት ሲገጥመው ሳይነግሩት ኤክሴፕሽን (ካልተያዘ ስክሪፕቱን የሚያቆም የስሕተት ምልክት) ይወረውራል። ካቹ (ኤክሴፕሽኑን የሚይዘው የኮድ ክፍል) ውስጥ ምን ጻፍህ?

የዳሞቱ፦
እያፈርሁ ነው የምነግርህ። «ድምር = 0»። ስክሪፕቱ እንዳይቆም ብዬ።

የማርቆስ ልጅ፦
በለው! ይቁም እንጂ ወንድሜ። ስሕተቱን ሎግ (የስክሪፕቱ የክንውን ማስታወሻ) ላይ ይጻፍ፣ ከዜሮ ሌላ በሆነ የመውጫ ኮድ ይውጣ (እዚያ ዜሮ «ተሳክቷል» ማለት ነውና)፣ ኢሜይሉም ይቅር። ኃላፊው ሪፖርት ካልደረሰው ይደውልልሃል፤ የሐሰት ዜሮ ከደረሰው ግን አምኖ ሊፈርምበት ይችላል።

ቢቸና ላይ፦
የፍኖተ ሰላም ብቻ ዜሮ የሆነበት ምክንያት አልተነካም። አጻጻፉን አይተኸዋል? ለእኛ ሰና ሠ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለዳታቤዙ ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። እኔ በ«ኃይሌ»ና በ«ሀይሌ» ሁለት ቀን ተቃጥያለሁ።

የዳሞቱ፦
አግኝተኸዋል! መዝገቡ ላይ «ሰላም»፣ የእኔ ስክሪፕት ላይ «ሠላም»። በስም መፈለጉን ትቼ ለየቦታው መለያ ቁጥር ሰጠሁ፤ ካቹንም አስተካከልሁ። አሁን ዳታቤዙን ሆን ብዬ ዘግቼ ሞከርሁት፦ ኢሜይል አልወጣም፣ ሎጉ ላይ ስሕተቱ ተጽፏል። ለኃላፊው ግን ገና አልደወልሁም፣ «ሠ» ነው ጥፋተኛው ብዬ ከየት ልጀምርለት?